ሁለት ተማሪ ፍለጋ ወደ ዓለም ባንክ

ነሐሴ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከወልቂጤ ወዲያ ካለችው መንደራችን ተነስቼ አዲስ አበባ ሄድኩ። የሄድኩት ለዘመድ ጥየቃም ለሕክምናም አይደለም፤ ሁለት ልጅ ፍለጋ ነው። መምህር ነኝ፤ አንደኛ ክፍል ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል። ዘንድሮ የተመዘገቡልኝ አስራ ስምንት ናቸው። ወረዳው ደግሞ ሃያ ካልሞላ ክፍሉ ተዘግቶ ልጆቹ ከወንዝ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወሩ ብሏል። ያ ወንዝ በክረምት በሬ ይወስዳል። የሰባት ዓመት ልጅ እሱን ይሻገር ሲባል እንቅልፍ አጣሁ።

ስጀምር እንዲህ አልነበረም። አንድ አግዳሚ ላይ ስድስት ልጅ ይደረደራል፣ የተረፈው መሬት ላይ፣ ከዚያም የተረፈው መስኮት ላይ። አሁን አግዳሚው ተርፎ ግድግዳ ተደግፏል። ሬዲዮው ግን የአገራችን ሕዝብ ቁጥር እየጨመረ ነው ይላል። «የት ነው የሚጨምረው? ለእኛም አድርሱን እንጂ!» እያልኩ ብቻዬን እከራከረው ነበር።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት

ባለቤቴ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ አስያዘችኝ። እስከ አስፋልቱ በሞተር፣ ከወልቂጤ በአውቶቡስ፣ አራት መቶ ብር። አውቶቡሱ በቆጮ ሽታ ታፍኗል፤ ሁሉም ተሸክሟልና የሚያማርር አልነበረም። ወሊሶ ላይ ወርደን ሻይ በፓስቲ ጠጣን። ከዚያ ወዲያ ጤፉ ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩ ደመና፣ ሹፌሩም ጨዋ ነበር።

አየር ጤና አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስወርድ የሬዲዮው ነገር ገባኝ። ሰው በሰው ላይ ነው! ሚኒባሱ ይጮሃል፣ ጭቃው ይረጫል፣ ሕፃን ያዘለው፣ ያስከተለው። «ለካ እዚህ ናችሁ!» አልኩ ጮክ ብዬ። አንዲት ሴትዮ ዘወር ብላ አየችኝና ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች።

ዓለም ባንክ

በሃያ ብር ሚኒባስ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ደረስኩ። ብርሃኑ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ እዚያ የሕንጻ መሣሪያ ይሸጣል። ሲያየኝ ጉልበቴ ላይ ተደፋ።

«ጋሼ! እርሶ ነዎት?»

«ሌላ ሰው እንዲህ ጭቃ ለብሶ ይመጣልሃል?»

ቤቱ ወሰደኝ፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ትንፋሼን ሰብስቤ «ልጆቹ ስንት ደረሱ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሚስቱ ደነገጠች። «ውይ ጋሼ፣ ልጅ ይቆጠራል እንዴ?» እውነቷን ነው፤ እኛም ዘንድ ልጅ አይቆጠርም። ስለዚህ በር ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች ቆጠርኩ። ሰባት ጥንድ፣ ሁሉም ትንንሽ! ደስታዬን ከሻዩ ጋር ዋጥኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው የካርቱን ፊልም ሲያልቅ ግን የጎረቤት ልጆች ጫማቸውን እያጠለቁ ወጡ። የቀሩት ሁለት ጥንድ ናቸው፤ የአንደኛው ባለቤት ገና ጥርስ እያወጣ ነው።

እሑድ

ብርሃኑ ስልክ ደውሎ ከሰዓት በኋላ ቤቱ በቀድሞ ተማሪዎቼ ሞላ። ነጋዴው፣ ነርሷ፣ ሹፌሩ፣ መሐንዲሱ። እኔ ያመጣሁት ቆጮ ከክትፎና ከጎመን ጋር ቀረበ፤ ሳቁ ፎቁን አናወጠው። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ይህን ሁሉ ሰው ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ።

«እንግዲህ ሁለት ልጅ ለአያቶቻቸው ላኩልኝ» ብዬ ጉዳዬን ስነግራቸው ግን ብርሃኑ ራሱን አከከ።

«ጋሼ፣ የእኔዋ ልጅ እንኳን የአገር ቤቱን ቋንቋ አማርኛውንም በግድ ነው የምትናገረው። ደሞ ሂዱ ያሉን እርሶ ነዎት እኮ። ‹ይቺን ኩርማን መሬት ለስንት ልትካፈሏት ነው? ውጡ፣ ተማሩ› አላሉንም?»

ብያለሁ። በየዓመቱ ብያለሁ። ጎበዝ ባየሁ ቁጥር አባቱን ለምኜ አውቶቡስ ላይ አሳፍሬያለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። አፈርኩ፤ ደግሞ ሳቄ መጣ።

ዘነበች ከጥግ ተናገረች። ከሁሉም ቀልጣፋ ተማሪዬ እሷ ነበረች፤ አሁን ከመንታ ልጆቿ ጋር ቀራንዮ ትኖራለች፣ አብሯት የመጣው ባሏ ደረጀ የብረት በርና መስኮት ይሠራል።

«እርሶ ሂዱ ሲሉን ሄድን። ኑ ያለን ግን የለም እኮ ጋሼ። ለመስቀል ኑ እንባላለን፣ በልተን እንመለሳለን። ኑና ኑሩ ብሎ የጠራን ማን አለ?»

 ያልነበረኝን ቃል ከእሷው ተበደርኩ። «እንግዲያው ኑ» አልኩ። «ኑና ኑሩ።»

ደረጀ የሰበታ ልጅ ነው፤ መንደራችንን አያውቃትም። «መብራት አለ?» አለኝ።

«ካቻምና ገባ።»

«በርና መስኮት ከየት ነው ምታመጡት?»

«ከወልቂጤ፤ በአህያ ጭነን።»

ሚስቱን አያት። የሚሠራበትን ቦታ አከራዩ ልቀቅ ካለው ሁለት ወር ሆኖታል። «አንድ ዓመት እንሞክረዋ» አለች ዘነበች። እንባዬ መጣ፤ ሚጥሚጣው ነው ብዬ አሳበብኩ።

ቀራንዮ፣ ማክሰኞ

ቤታቸው ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ነው፤ በአንድ ወገን የጭቃ ቤት፣ በሌላው ገና ያላለቀ ፎቅ። መንትዮቹን እዚያ ተዋወቅኳቸው፤ ሜላትና ናታን፣ ሰባት ዓመታቸው ነው። ሜላት መረመረችኝ።

«እዛ ዋይፋይ አለ?»

«የለም።»

«ዛፍስ? ሚወጣበት?»

«እሱ ሞልቷል።»

ወደ ወንድሟ ዞራ «ችግር የለውም» አለችው።

መልስ

ጳጉሜ ሁለት ቀን አይሱዙ ተከራየን። የብየዳ ማሽኑ፣ አልጋው፣ ባኞው፣ እኛም ከላይ ሸራ ለብሰን። ወሊሶ ላይ ዝናቡ ወረደብን፤ መንትዮቹ እየሳቁ አፋቸውን ከፍተው ጠጡት። መንደር ስንደርስ እልልታው ቀደመን። የዘነበች አባት ምርኩዛቸውን ጥለው ሮጡ፤ ያለ ምርኩዝ መሮጥ እንደሚችሉ እሳቸውም አያውቁም ነበር።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው። ሰዎቻችን አላለቁም፤ ያሉበት ቦታ ነው የተለወጠው። ጎበዞቼን ሂዱ ማለቴን አልተውም፤ ዓለም ባንክ ያየሁት ፍሬ ያኮራል። ግን የሄደ ሰው እንዲመለስ ካስፈለገ አፍ አውጥቶ መጥራት ያስፈልጋል፤ እኔ ይህን ሳላደርግ ነው ያረጀሁት።

ወረዳው ዝርዝሩን አይቶ ማኅተሙን መታበት። ትምህርት በተከፈተ ዕለት መዝገቤን ገልጬ ስም ጠራሁ። ሃያ ጊዜ «አቤት» ተባልኩ።