ባላምባራስ ተክሌ በጃፓኖቹ በዓል ላይ የተፉት ሩዝ

ዛሬ ባላምባራስ ተክሌ የጎረሱትን ሩዝ ያቀረበችላቸው ሴት እግር ሥር ተፉት። ቤቴ እንደገባሁ ይህን ጻፍኩ።

ደብረ ብርሃን ሽመና ሊያስተምሩ የመጡት ጃፓኖች ዛሬ ሰፈራችን መንገድ ላይ የአገራቸውን በዓል አሳዩን። የወረቀት ፋኖስ ሰቀሉ፣ ከበሮ መቱ። በዚህ ብርድ በስስ ቀሚስ ጨፈሩ፤ እኔ በጋቢ ተጠቅልዬም ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።

የአስተማሪው ሚስት ሃናኮ ከባሕር በሚወጣ ጥቁር ቅጠል የጠቀለለችውን ሩዝ በሁለት እጇ አቀረበች። የክብር እንግዳው ባላምባራስ ቀምሰው ተፉና፣ "ይሄ የከብት ነው" አሉ። አጃቢዎቻቸው ሳቁ።

እሷ ጎንበስ ብላ የተፉትን በመሀረቧ ጠረገች። ይቅርታ የጠየቀችውም እሷው ናት።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ሰዉን ገፋ አድርገው ገቡና አንዱን ጥቅል አንስተው ጎረሱ።

"ባላምባራስ፣ ደግሶ የጠራን ሰው እንዲህ አይደረግም" አሉ። "ካልጣመዎት ዝም ብለው ይዋጡት።"

ሳቁ ቆመ። ባላምባራስ ካባቸውን ሰብስበው ሄዱ።

እኔም በላሁ። እውነቱን ልናገር፣ አልጣመኝም፤ ግን ዋጥኩት።

ሃናኮ ለእትዬ ዘነበች በሁለት እጇ ሌላ ጥቅል ደገመችላቸው። እናንተስ፣ እንግዳ በፊታችሁ ሲዋረድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማን አፉን ከፈተ?