ተኳሿና አላርፍ ያለችው ልጅ

ሥራዋን ለሚጠይቃት ሁሉ «ተኳሽ ነኝ» ትላለች። ጠያቂው ፈራ ተባ ሲል ካውያዋን ታሳየዋለች። ሰፈሩም ስሟን ትቶ ተኳሿ ይላታል። አንዲት ክፍሏን በመጋረጃ ከፍላ፣ ከመጋረጃው ፊት የሰው ሸሚዝና ሱሪ ትተኩሳለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ትኖራለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ታናሽ እህቷ በልብ በሽታ ስትሞት ግን የእህቷ ልጅ እጇ ላይ ቀረች፤ ያቺም ክፍል ያኔ የሰው ድምፅ አገኘች።

ልጅቷን የጀመራት ከእጇ ነው። ብርጭቆ ስታነሳ ያመልጣታል። ስትጽፍ እርሳሱ ከመስመር ወጥቶ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ቀጥሎ ትከሻዋ ብድግ ብድግ ይል ጀመር፤ አፏ ይጣመማል፣ ምላሷ ሳታስበው ብቅ ይላል። ተተኩሶ ያለቀ ነጭ ሸሚዝ ላይ ውሃ የደፋች ዕለት ተኳሿ ጦፈች።

«እረፊ! አርፈሽ ተቀመጪ ብዬሻለሁ!»

«አርፌ ነበር እኮ አክስቴ፤ እጄ ነው።»

«እጅሽ የማን ነው ታዲያ? የጎረቤት ነው?»

አስተማሪዋ ደግሞ «አፏን አጣማ አሾፈችብኝ» ብላ ከክፍል አስወጣቻት። ልጆቹ «አታርፍ» የሚል ስም አወጡላት። አንዲት እናት «ይጋባል» ብላ ተናገረች፤ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። የቤት ሥራ አብራት የምትሠራው የጎረቤት ልጅ ቀረች። አረፍ ብለው ያወጉ የነበሩ ደንበኞችም ልብሳቸውን በር ላይ አቀብለው ይሄዱ ጀመር። የሚሄድ ሰው ደህና ዋሉ ይላል፤ የሚቀር ሰው ግን ምንም አይልም። ክፉው እሱ ነው።

አንድ ቀን ተኳሿ ቀና ስትል ልጅቷ ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ግን የሚያሾፍ ይመስላል። «እያለቀሰ የሚያሾፍ ማን አለ?» አለች ለራሷ። ካውያውን ነቅላ፣ ቤቱን ቆልፋ፣ ልጅቷን ይዛ ወደ ሆስፒታል ሄደች።

«ከጥቂት ወራት በፊት ጉሮሮዋን አሟት ነበር?» አለች ዶክተሯ።

«ቶንሲል ነበር፤ በማር ተሻላት። ከዚያ ጉልበቷን ሲቆረጥማት ልጅ ሲያድግ ነው አልኩ። ግን ዶክተር፣ ጉሮሮና እጅን ምን አገናኛቸው?»

«ያ ጉሮሮ በደንብ ካልታከመ ሰውነት ራሱን ይመታል፤ መገጣጠሚያን፣ ልብን፣ አንዳንዴም አንጎልን። የምትወራጨው ፈልጋ አይደለም፣ እርስዎም እንዳይቆጧት። ይሄ ይለቃታል። እኔን የሚያሳስበኝ ልቧ ነው። ትተኛና እንያት።»

ልብ የሚለውን ቃል ስትሰማ ተኳሿ እህቷ ትዝ አለቻት። ያቺ ክፍል እንደገና ባዶ ስትሆን ታያት።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ተኩሳ ሳትጨርስ ሆስፒታል ትሮጣለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ከልጅቷ ጎን የተኛው ሕፃን እናት ተቀበለቻት። የሴትዮዋ ፊት ፈክቶ ነበር፤ ተኳሿ ግን ፊቷን አላየችም፣ ቃሏን ብቻ ሰማች።

«ልጅሽ እኮ አረፈች!»

ተኳሿ የያዘችው ፌስታል ከእጇ ወደቀ። ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። ጩኸቷ ነርሶቹን ሁሉ አስሮጠ።

«ኧረ እኔ ልሙትልሽ፣ አልሞተችም! እጇ አረፈ ማለቴ ነው፣ እጇ!»

ተደግፋ ስትገባ ልጅቷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ውሃ ትጠጣለች። ጠብታ አልፈሰሳትም። «አክስቴ፣ ማነው እንደዚያ የጮኸው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ተኳሿም እያለቀሰች ሳቀች፤ እረፊ የምትለውን ቃል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላቻት።

የልጅቷ ልብ ትንሽ ተነክቷል። ሐኪሞቹ በየወሩ መርፌ እንድትወጋ፣ ራሷን ሳታደክም ግን መጫወት እንደምትችል ነግረው ሰደዷቸው።

ቤት ገብተው ልጅቷ በሩ ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኑራለች። አንዱም ጣት አይነቃነቅም። ማዶ ልጆች ገመድ ይዘላሉ። ተኳሿን ጸጥታው አላስቀምጥ አላት።

«ምን ይጎልትሻል? ውጪና ተጫወቺ እንጂ።»

«ከማን ጋር?»

ተኳሿ ካውያውን ነቀለች። የደንበኞቿን ልብስ አንድ በአንድ ከማስጫው አውርዳ ገመዱን ፈታችው። አንዱን ጫፍ ከበሩ እጀታ ጋር አሰረች፤ ሌላውን ራሷ ይዛ፣ ወገቧን እያመማት፣ ታዞር ጀመር።

«ግቢ» አለቻት።

ልጅቷ ማዶ ያሉትን ልጆች አየት አደረገች፤ ከዚያ ወደሚዞረው ገመድ ገባች።