ፍራሽ ስር የታሰረው ቅጽ

ጎረቤቶቹ ከጀርባው «ኬላ» ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት የጦር ካምፕ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲፈትሽ ኖረና ጡረታ ሲወጣ፣ ፍተሻው አብሮት ቤት ገባ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ መታወቂያውን ሳያሳይ ግቢውን አይረግጥም። የገዛ እህቱ ልጅ እንኳ ልትጠይቀው ስትመጣ ቦርሳዋን እንድትከፍት ትታዘዛለች። ሰፈርተኛው ይስቅ ነበር፤ ዘንድሮ ግን የሚያስቅ ነገር አልተገኘበትም።

መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮች የገቢ ድጋፍ ይሰጣል፤ ለትዳር ጓደኞቻቸውም እንዲሁ። ሚስቱ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ስትሰፋ ኖራ፣ ዓይኗ ሲደክም ሥራዋን የተወችው ይህንኑ ድጋፍ ተማምና ነው። እናም አንድ ቀን ከጡረታ ቢሮው የእድሳት ቅጽ መጣ። ኬላ ፖስታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ገለባበጠው፣ ከፈተው፣ አነበበው። «ባለቤትዎ አሁንም አብረውዎት ይኖራሉ? ቀን ቀን ከቤት ውጭ ይሠራሉ?» ይላል። ነገር ሸተተው። ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ከሚያጠና ሌባ በቀር ይህን ማን ይጠይቃል? ማኅተሙም ቢሆን ደመቅ ብሎበታል። ለሚስቱ ትንፍሽ ሳይል ቅጹን ፍራሽ ስር ከተተው። ማስታወሻ ደብዳቤ ሲከተል ጭራሽ ባሰበት፤ «እንዲህ የሚቸኩሉት ለምንድን ነው?» ብሎ እሱንም እዚያው ጨመረው።

በአራተኛው ወር የሚስቱ ድጋፍ ተቋረጠ። ያንኑ ሳምንት ፍራሹን ፀሐይ ልታስመታ ስታነሳ ሁለቱንም ፖስታ አገኘች። አልጮኸችም።

«እንግዲህ በዚህ ዓይኔ ወደ ስፌቱ ልመለሳ» አለችው። «አንተ ፍራሽህን ጠብቅ።»

ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

በማግሥቱ ተያይዘው ቢሮው ሄዱ። ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ትሕትናዋ ራሱ አላማረውም። የቅጹ ጊዜ ስላለፈ፣ አብረው መኖራቸውን ለማጣራት ለየብቻ እንደምታነጋግራቸው ነገረቻቸው። ሚስቱ ቀድማ ገባች። ኬላ ከበሩ ውጭ ጆሮውን ቀስሮ ቆመ፤ የወረቀት መገለጥ እንጂ ሌላ አልሰማም። ምን እያለች ይሆን? ፍራሹን እያነሳችበት ይሆን?

ተራው ደረሰ።

«አባቴ፣ ባለቤትዎ አንድ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። የትኛው ነው?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ለማጣራት ነው።»

«የወታደር ቤት ምስጢር ለማንም አይወጣም» አለ ኮስተር ብሎ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀችው። የሚደብቀው ምስጢር አልነበረም፤ አያውቀውም። ሚስቱ ኦፕራሲዮን በሆነች ቀን «ቤቱ ባዶ አይቀርም» ብሎ በር ሲጠብቅ ዋለ፤ ሆስፒታል ይዛት የሄደችው ጎረቤት ናት። ስትመልሳት ፋሻ እንደነበረባት ትዝ ይለዋል፤ በየት በኩል እንደሆነ ግን ቢጨነቅ ቢጠበብ አልመጣለት አለ።

«የሚወስዱት መድኃኒትስ?»

ኬላ ወደ በሩ ዞሮ ሚስቱን በዓይኑ ፈለገ።

«እሳቸው ስለ እርስዎ የጠየቅኳቸውን ሁሉ መልሰዋል» አለች ወረቀቱን እያየች። «የጫማዎን ቁጥር፣ የሚያምዎትን ጉልበት። በእንቅልፍ ልብዎ የሚጠሩትን የሞተ ጓደኛዎን ስም ሳይቀር። ታዲያ አብረው ይኖራሉ ብዬ እንዴት ልጻፍ? ሐሙስ ይመለሱ፣ አባቴ። ያኔም እንዲህ ከሆነ የእሳቸው ድጋፍ በዚሁ ይዘጋል።»

አፈረ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጠረጠረው ሰው ራሱ ሆነ። ስንቱን መንገደኛ አስቁሞ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ ሲል የኖረ ሰው፣ አጠገቡ የምትተኛውን አንድም ቀን አስቁሞ አልጠየቃትም።

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እኔ የምልሽ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የትኛው ዓይንሽ ነበር ኦፕራሲዮን የሆነው?»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ማን ጠይቅ ብሎ ላከህ?» አለችው።