ምስኪን ያለበት ጥያቄ

እኅቴ ከዲማ ወዲህ ካለው ቀዬዋ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት መጥታ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ «ወንድምዓለም፣ አንድ ጥያቄ በነሱ ቋንቋ አስጠናኝ» አለችኝ። ሃምሳን ካለፈች ቆይታለች። ፊደል አልቆጠረችም።

«እነሱ» ያለቻቸው ሆላንዶቹን ነው። ባሏ እርጉዝ ሳለች ሞቶባት፣ ጡቷ ደርቆባት፣ የዘጠኝ ወር ሴት ልጇን ለማደጎ ሰጥታለች። «ተምራ ትመለሳለች» ብለው ነበር ያግባቧት ሰዎች። ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። «ለዘለቄታው» የሚል ቃል እንዳለበት አይቻለሁ፤ አይቼም አለሳልሼ ነገርኳት፤ እሷም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አሁን ልጅቱ አድጋ እናቷን አፈላልጋ አገኘች። ከሁለት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በስልክ ፊት ለፊት ሊተያዩ ቀጠሮ ተያዘ። እዚያ የሚኖር የአገራችን ሰው አስተርጓሚ ልሁን ብሎ ነበር። እኅቴ እምቢ አለች።

«ለልጄ የምለውን ባዳ መሀል ገብቶ አይሰማውም።»

ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነው። ልጅቱን ተቀብለው መኪና ሲያስገቧት ታለቅስ ነበር። መኪናው አስፋልቱን ይዞ እስኪርቅ ድረስ ልቅሶዋ ይሰማ ነበር። ያን ልቅሶ ማን እንዳስቆመው እኅቴ አታውቅም። ይቅርታ ልትጠይቅ አላሰበችም፤ «እሱን ከእግዜር ጋር እንነጋገራለን» ነው የምትለው። የምትፈልገው፣ ያን ጊዜ ልጇን ማን አንስቶ እንዳባበላት ማወቅ ነው።

እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ሆላንድኛ ከየት አውቄ! ከስልክ ላይ ትምህርት እያወረድኩ፣ ማታ የተማርኩትን ጠዋት ለእሷ አስተምራለሁ። ትዕግሥት የለኝም፤ በልጅነቴ ከቅኔ ቤት ያስወጣኝም እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ተቆጥቻት ሁለቱንም ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አንዱ ድምፅ ግን በቀላሉ ገባልን፤ ከጉሮሮ የሚፋቅ «ኀ» አላቸው። እኛ አፍ ላይ የጠፋው ብዙኃኑ «ኀ» ለካ ሆላንድ ተሰዶ ኖሯል አልኳት። ሳቀች፤ በእነዚያ ሳምንታት ከሳቀቻቸው ጥቂት ሳቆች አንዱ ነው።

ሆላንዶች ሲጠይቁ እንደ እኛ ከከብቱ ደኅንነት እስከ ሰብሉ ዞረው አይመጡም። አክብሮታቸውን በትንንሽ ቃላት ይወሽቁታል። «ምናልባት» የምትለዋ ቃላቸው ጥያቄን ታለዝባለች፤ ስትነገር «ሚስኺን» ትላለች።

«ምን አልክ?» አለች እኅቴ።

«ሚስኺን። ምናልባት ማለት ነው።»

«ለእኔ ሌላ ነው የምትለው» አለች። «ምስኪን ነኝ ብዬ ነው የምጠይቃት። እሷን ቃል አልረሳትም።» አልረሳቻትምም። «ማኽ ኢክ ኡ ሚስኺን ኢትስ ፍራኸን?» ምናልባት አንድ ነገር ልጠይቅዎ እችላለሁ? ለእሑድ ቀዬዋ ስትሄድ፣ እንስራ ተሸክማ ከወንዝ ስትወጣ ሁሉ ትለው እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

የተጣላነው «ኡ» በምትለው ላይ ነው። «ኡ» የነሱ «እርስዎ» ናት። ለልጅ አትባልም፣ ለባዕድ ነው፣ ልጅቱ ይከፋታል፤ «አንቺ» የሚሉበት ሌላ ቃል አላቸው ብዬ ለመንኳት። አሻፈረኝ አለች።

«ልጇ የቀሰሰላት እናት ልጇን አንቱ ትለው የለም?»

«ትለዋለች፤ ካህን ነዋ።»

«ለምን ይመስልሃል? ለእግዜር ሰጥታዋለች። የሰጡትን ልጅ አንተ ማለት የለም። እኔም ሰጥቻለሁ።»

ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔው ነኝ። በ«ኡ» አስጠናኋት።

ቅዳሜው ደረሰ። ስልኩን መደርደሪያው ላይ ካሉት መጻሕፍቴ ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ልጅቱ ብቅ ስትል እኅቴ ተነሥታ እጅ ነሳች፤ ለባለሥልጣን እንደሚደረገው። ግንባሯ የእኅቴ ግንባር ነው። ከዚያ እኅቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ያችን ባለ «ሚስኺን» ጥያቄ አንድ ፊደል ሳታዛንፍ ጠየቀች።

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። በሆላንድኛ ይጠይቁኛል ብላ አልጠበቀችም። «እሺ፣ እሺ» አለች በአማርኛ፤ ይቺን የምታውቅ ይመስለኛል። ቀጥላ ቀስ እያለች አንድ ነገር ተናገረች፤ «ኡ አትበይኝ፣ አንቺ በይኝ» ማለቷ ነው። ተረጎምኩላት። እኅቴ አንገቷን በእምቢታ ነቀነቀችና ወደ ዋናው ጥያቄ ገባች። «ሲያለቅሱ ማን ያነሳዎ ነበር?» አለች በዚያው በሆላንድኛ።

የዘጠኝ ወር ሕፃን «እርስዎ» ሲባል ለሆላንዶች ምን ያህል እንደሚያስቅ ያወቅኩት ልጅቱ ፈገግ ስትል ነው። የቀሰሰውን ልጅ ነገር በሁለት ወር ሆላንድኛ ማን ሊያስረዳ! ደግነቱ ፈገግታዋ አልቆየም። የእኅቴን ፊት አየች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ማማ» አለች።

ያሳደገቻትን እናት ማለቷ እንደሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። እኅቴ መሬት መሬቱን አየች። ልጅቱ ብዙ ተናገረች፤ እኔ ከአሥሩ ቃል ሁለቱን እየለቀምኩ፣ «እኔ አላስታውስም፤ እናቴ ናት የነገረችኝ ነው የምትልሽ» እያልኩ ተደናበርኩ። የቀረውን ልይዘው አልቻልኩም። እንዳልገባኝ ስታይ ተነሣች። ከአልጋዋ ላይ አንሶላ ገፈፈች። ጀርባዋን ወደኛ አዞረች፣ ጎንበስ አለች፣ አንሶላውን በጀርባዋ አዙራ ሁለቱን ጫፍ ደረቷ ላይ አጥብቃ ቋጠረች። አንድ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ባዶውን አንሶላ እሹሩሩ እያለች መታ መታ አደረገችው። ሦስት ጣቷን አሳየችን፤ «ወር» እና «ልቅሶ» የሚሉትን ቃሎቿን ለየኋቸው።

«ሦስት ወር ሙሉ» አልኩ። «ልቅሶዋን ሌላው ሁሉ አላስቆመው ብሎ…»

እኅቴ እኔን አልሰማችኝም። ስልኩ ድረስ ሄዳ መዳፏን የልጇ ጀርባ ላይ አሳረፈች።

«ታዝለሻል?» አለች በአማርኛ። «እሰይ፣ ልጄ። ታዝለሻል።»