የሽታዬ ቢላዋ

ሽታዬ ቆሻሻ አትወድም። ይህን ለማወቅ ከሷ ጋር መኖር አያስፈልግም፤ ወላይታ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው ምግብ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጥቂት መቆም ይበቃል። እጁን ሳይታጠብ የተቀመጠ ደንበኛ የቀበሌ ሹምም ይሁን የመኪና ረዳት ታስነሳዋለች። «ውሃው እዚያ ጋ ነው» ትለዋለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ ሳሙናውንም ታጥቢዋለሽ» እያለ ይስቅባት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ፣ ልጅም ስላልወለደች፣ በዚህ ምድር የቀሯት ይቺ ምግብ ቤትና አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ናቸው።

ወንድሟ ዘላለም ከሶዶ ወደ ቦዲቲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአባታቸው በተረፈች ማሳ ላይ ከሚስቱ ከአሳየሽና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ማሳዋ ጠባብ ናት። ከፊት ትንሽ በቆሎና ስኳር ድንች፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ እንሰት። የውጭ ሰው ወላይታን የሚያውቀው በጥሬ ሥጋውና በዳጣው ነው፤ ወላይታ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ የሚተማመነው በእንሰቱ ነው። ዝናብ ሲቀር በቆሎው ይነዳል፣ ስኳር ድንቹ ይከስላል፣ እንሰቱ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ አንዱ እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዛሬ የተተከለውን የሚበላው አሁን ጡት ላይ ያለው ልጅ ነው።

ሽታዬ ምግብ ቤቷን የከፈተች ቀን ዘላለም ቢላዋ ይዞላት መጣ። ቦዲቲ ገበያ ከቀጥቃጩ ዘንድ ተቀምጦ፣ «ይቺን አቅጥናት፣ ያቺን ሞርዳት» እያለ ያሠራው ነው። «በቆረጥሽበት ቁጥር አስቢኝ» አላት። ሽታዬም ያንን ቢላዋ ለሌላ ሰው እጅ ሰጥታ አታውቅም።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ የበዓሉ መብራት ገና ከየደጁ ሳይወርድ፣ አሮን የሚባል ወጣት ወደ ቤቷ መጣ። «ንጹሕ ማዕድ» የተባለ ማኅበር ሠራተኛ ነው። ያ ዘመን የዘመቻ ዘመን ነበር፤ ማልዶ የተነሣ ሁሉ ወይ ይሰበሰባል ወይ ይገመገማል። አሮን ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ንግግሩ አጭር ነው፣ እጁንም ሳይነገረው ታጥቦ ነው የተቀመጠው። ሽታዬ ወዲያው ወደደችው።

«እትዬ ሽታዬ፣ የሶዶ ምግብ ቤቶች ሰሃን የሚያጥቡት በአንድ ሳፋ ውሃ ነው» አላት። «ጠዋት የተቀዳ ውሃ እስከ ማታ። የተሰነጠቀው ሰሃን ውስጥ ምን እንደሚያድር እርስዎ ያውቃሉ። ሰው ወደ ቤቱ ይዞ የሚሄደውንም በፌስታል ነው የምትሰጡት። ፌስታሉ የት ይሄዳል? ቦይ ውስጥ፣ ከብት ሆድ ውስጥ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ ልጄ?»

«እናቶቻችን በምን ነበር የሚያቀርቡት?»

ሽታዬ ሳቀች። መልሱን ማን ያጣዋል! በእንሰት ቅጠል ነዋ። ትኩስ ቅጠል ተወልውሎ፣ በእሳት ለብ እስኪል ገረፍ ተደርጎ፣ ቆጮው በሱ ላይ፣ ሥጋው በሱ ላይ፣ ወደ ቤት የሚሄደውም በሱ ተጠቅልሎ። አንዴ ተበልቶበት ይጣላል፣ አፈር ይሆናል። ሳፋ የለ፣ ፌስታል የለ። ነገሩ እንዴት እስከዛሬ እንዳልታያት ገረማት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽታዬ ሌላ ሰው ሆነች። ማልዳ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ዘላለም ቤት ትሄዳለች፤ ቅጠሉን ራሷ ትመርጣለች፣ ራሷ ትቆርጣለች። ሌላ ሰው ቢቆርጥላት የተቀደደውን ያመጣባታል፣ አቧራ ላይ ያስቀምጥባታል። ዘላለምም ደስ ብሎታል። «ውሰጂ እቴ፣ ቅጠል መልሶ ይወጣል» ይላታል። አሳየሽ እሸት በቆሎ ጠብሳ ትጠብቃታለች፤ ልጆቹ ቅጠሉን ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ይሸኟታል።

ሰው ወደደላት። የቢሮ ሰዎች ምሳቸውን ወደሷ አዞሩ። የአዲስ አበባ መንገደኛ አውቶብሱን እያስቆመ ይገባል። ማኅበሩም «ሞዴል ምግብ ቤት» ብሎ አረንጓዴ ሰሌዳ በሯ ላይ ሰቀለላት፣ አጨበጨበላት፣ ሌሎቹን ምግብ ቤቶች ሰብስቦ «እንደ ሽታዬ ሁኑ» አላቸው። እነሱም ሆኑ። ቅጠል ከሷ መጠየቅ ጀመሩ፤ እሷም እንቢ ማለት አልሆነላትም። የዘላለም ጓሮ አልበቃ ሲል ወደ ጎረቤቶቹ ተሻገረች። ጠዋት ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደሚቀጥለው፣ ያቺን የቦዲቲ ቢላዋ ይዛ። እንዲህ ያለ ደስታ ከሠርጓ ወዲህ አላገኛትም ነበር፤ እግዜር ይይላት፣ ደስታም ያስቀጣል እንዴ?

ከዘላለም አጥር ማዶ ሳህሊቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች። አንድ ጠዋት ሽታዬ ከሷ ጓሮ ቅጠል ልትቆርጥ ስትገባ ሳህሊቱ እጇን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ከዚህኛው ቁረጪልኝ እቴ» አለች። «መሃሉ ጠውልጓል፤ መሞቱ አይቀርም። ደህናዎቹን ተዪልኝ።»

እውነትም የእንሰቱ መሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጎንበስ ብሏል። የዳሮቹ ግን ገና ለምለም ናቸው። ሽታዬ የድኻ ነገር አንጀቷን ይበላዋል። ደህናውን ትታ ከታመመው ቆረጠች፤ ለሳህሊቱ የሚጠቅማትን አስቀርታ የማይጠቅማትን ስለወሰደችላት መረቀቻት። ከግንዱ ላይ ቢጫ ዝልግልግ ነገር በቢላዋው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሽታዬ በዚያው ቅጠል ጥርግ አደረገችውና አጥሩን ተሻግራ ወደ ወንድሟ ጓሮ ገባች። ሰሃን በፈላ ውሃ የምታጥብ ሴት! ግን ቢላዋው የቆረጠው ቅጠል ነው፤ ቅጠልን ከቅጠል ምን ያቆሽሸዋል?

የበልጉ ዝናብ ቀረ። ሰማዩ ይጠቁርና ወደ ዳሞት ተራራ ሄዶ ይበተናል። ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ ገመድ ሆኖ ቀረ፤ በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቆመ። ከሁምቦ ቆላ ከብት እየነዱ የሚወጡ ሰዎች መንገዱን ሞሉት። ቢሆንም ዘላለም ጓሮው አለለትና አልፈራም ነበር። አንድ ጠዋት ሽታዬ ስትደርስ ከእንሰቱ መሃል ቆሞ አገኘችው። አሳየሽ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሽታዬ ቀና ብላ አየች። ያ በሳህሊቱ እንሰት ላይ የነበረው ነገር፣ ያ ቢጫ፣ ያ ጎንበስ ያለ መሃል ቅጠል፣ ከዳር እስከ ዳር ነበር።

ከአረካ የእንሰት ባለሙያ መጣ። ጠና ያለ ሰው ነው፤ ብዙ አልተናገረም። አንዱን እንሰት ሰንጥቆ ቢጫውን ዝልግልግ አሳያቸው። ከዚያ ክብሪት ጠየቀ፣ ጭራሮ አስነደደ፣ የሰነጠቀበትን የራሱን ቢላዋ እሳት ውስጥ ይዞ አገላበጠው።

«አጠውልግ ነው» አለ። «በሽታው በቢላዋ ነው የሚሄደው። የታመመውን የነካ ቢላዋ እንዲህ በእሳት ካላለፈ ደህናውን ይገድላል። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ፤ ጎረቤትም ቅጠል እንዳይቆርጥ።»

ሽታዬ ከባለሙያው ኋላ ቆማ ነበር። የሷ ቢላዋ ወገቧ ላይ፣ በነጠላዋ ስር ነው። የሄደችባቸው ጓሮዎች በዓይኗ ላይ አንድ በአንድ አለፉ፤ የሳህሊቱ፣ የዘላለም፣ ከዚያ በታች ያሉት፣ ከዚያ ማዶ ያሉት። ቀና ስትል ዘላለም እያያት ነበር። ዓይኗን ሰበረች። ልንገረው ብላ አፏን ከፈተች፤ አሳየሽ ድንገት እንደ ለቅሶ ቤት ጮኸች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። በማግስቱም አልነገረችውም። ከዚያም በኋላ አልነገረችውም። ምን ብላ ትንገረው? «ልጆችህን ያስራብኩት እኔ ነኝ» የሚል ቃል ከየት ይወጣል?

ይልቅ ወደ ከተማው ሮጠች። ቅጠል ወደሚጠቀሙት ምግብ ቤቶች ሁሉ እየገባች «ተዉ፣ ቅጠል መቁረጥ ይቅር፣ በሽታ እያዛመትን ነው» ብላ ለመነች። ማን ይስማት!

«ሞዴል ሆነሽ ስታበቂ እኛን ልታስቀሪ?» አለቻት አንዷ፣ ወገቧን ይዛ።

ሌላው ሳቀባት። «ትናንት በፌስታል አትስጡ አላችሁን፣ ዛሬ በቅጠል አትስጡ። ነገ ደግሞ በእጃችን ጉርሻ እያጎረስን እንሽጥ?»

አሮን ዘንድ ሄደች። ልጁ ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ ፊቱ አመድ መሰለ። «እትዬ፣ እኔ ከተማ ነው ያደግሁት» አለ። «ስለ ቢላዋው አላውቅም ነበር። እምላለሁ አላውቅም ነበር።» አብሯት እየዞረ መለመን ጀመረ። ከተማው ግን ቅጠሉን ወዶታል፤ ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ ሰሃን ማጠብ የለም። አንድ ነገር ደህና ነው ተብሎ ከተለመደ በኋላ ማስቀረት እንዴት ያለ መከራ መሰላችሁ! ሽታዬ ሰሌዳዋን አውርዳ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠች። የድሮ ሰሃኖቿን አወጣች። እያንዳንዱን በፈላ ውሃ ለብቻው እያጠበች፣ እያለቀሰች ታቀርብ ጀመር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የምሳ ሰው ገና ሳይመጣ፣ ዘላለም በሩ ላይ ቆመ። ከስቷል። በአንድ እጁ ትንሽ ጥቅል ልብስ ይዟል፣ ትከሻው ላይ ደግሞ ትልቅ የእንሰት ቅጠል እስር ተሸክሟል። እስሩን ቀስ ብሎ አወረደው። ያልተቀደደ፣ አቧራ ያልነካው፣ ልክ እሷ እንደምትወደው ተወልውሎ የታሰረ ነው።

«የመጨረሻው ነው» አላት በወላይትኛ። «ሌላውን ነቅዬ ቀብሬዋለሁ። ይህ ጤነኛ ከሚመስሉት ነው። ለሥራሽ እንዳይጎድልብሽ ብዬ።»

ጓሮው አልቆ፣ ልጆቹ እርጥባን እህል እየጠበቁ፣ ይህ ሰው ለሷ ሥራ ያስባል። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ልብሱስ ምንድን ነው?»

«መተሐራ አገዳ ቆረጣ ሰው ይፈልጋሉ አሉ። አውቶብሱ ሊነሣ ነው። አሳየሽንና ልጆቹን ላንቺ ትቻለሁ።»

አስቀመጠችው። ያላትን ሁሉ አቀረበችለት፤ በሰሃን። ዘላለም ሰሃኑን አየው፣ ከዚያም በሩ አጠገብ ያለውን እስር አየ። ጥቂት ጎረሰ።

«ኢሻ» አለችው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። «ጓሮህን የገደለው የኔ ቢላዋ ነው። ከሳህሊቱ የታመመ እንሰት ቆርጬ አንተ ጋ ገባሁ። እኔ ነኝ።»

ዘላለም ማኘኩን አላቆመም። እስኪውጥ ጠበቀ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ያ ሰውዬ ቢላዋውን እሳት ውስጥ ሲከት አየሁሽ። ያን ቀን አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ? ምነው አልሰደብከኝም?»

«ብሰድብሽ እንሰቱ ይነሣል?» አለ። ቁጣ ግን ነበረበት። «ንዴቱማ ሞልቶኛል እቴ። ቤት ውስጥ ልጮህ ስል አሳየሽ ትሰማለች። አሳየሽ ከሰማች ልጆቼን አንቺ ቤት አታስገባም። አንቺ ቤት ካልገቡ ደግሞ ምን ይበላሉ? ስለዚህ ዝም አልኩ። አንቺም ዝም በይ።»

ሽታዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። መናኸሪያው ውስጥ የመተሐራው አውቶብስ ጥሩምባውን ነፋ። ዘላለም ተነሣ፣ እጁን ታጠበ፣ ጥቅሉን አነሣ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

«ቢላዋውን ስጪኝ።»

ፈራች። «ምን ልታደርገው?»

«ልውሰደው። ለአገዳው ይሆነኛል።»

ሽታዬ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ቢላዋውን ከተሰካበት አወጣች፣ ምድጃው ውስጥ ጨመረችው፣ ባለሙያው እንዳደረገው እያገላበጠች ብረቱ እስኪቀላ ያዘችው። አውቶብሱ ደግሞ ነፋ። እሷ ግን አልቸኮለችም። በውሃ አቀዘቀዘችው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችውና አመጣችለት።

«አሁንማ ንጹሕ ነው» አለች። «በእሳት አልፏል። እዚሁ ቢቀር ምን ነበር? ያንተ ስጦታ እኮ ነው።»

ዘላለም ጨርቁን ከልብሱ ጥቅል ውስጥ አስገባ።

«እዚያ እንሰት የለም» አላትና ወደ አውቶብሱ ሄደ።