ማንም የማይጠራው ኮድ

ደብረ ማርቆስ፣ ከመኪና መለዋወጫ መደብር በላይ ባለች አንዲት ክፍል ፕሮግራመር ሆኜ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ ሰዓት ማስተካከል ነበር። ደንበኛችን የሆነ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ድረ ገጹ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እያወጣ አስቸግሮት ነበር።

ገጹ ላይ ያለው የሰዓት መምረጫ የተሠራው በላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው በሚያወጡት የተዘጋጀ ኮድ ነው። ላይብረሪው ሰዓቱን ስክሪን ላይ ከማውጣቱ በፊት ጠርቶ የሚያሠራው አንድ ሜተድ፣ ማለትም ለአንድ ሥራ የተጻፈ የኮድ ክፍል፣ ነበረው። እሱን ራሴ በጻፍኩት ተካሁትና ስድስት ሰዓት እንዲቀንስ አደረግሁ። የጠዋቱ 9:00፣ 3:00 ሆኖ ወጣ። ለዓመታት እንዲሁ ሠራ።

ከዚያ የላይብረሪው አዲስ እትም መጣ። አለቃዬ አቶ ይበልጣል ዛሬውኑ ካልጫንሽ አሉ።

«የተሰረዙ ሜተዶች አሉ፤ ገጽ በገጽ ልየው» አልኳቸው።

«ሞክረሽው የስህተት ቀይ ጽሑፍ አወጣ?»

«አላወጣም።»

«ታዲያ ምን ታደርቂኛለሽ?»

እኔን ለሌላ ሥራ ሉማሜ ላኩኝና ራሳቸው ጫኑት።

ቀይ ጽሑፍ ያልወጣበት ምክንያት ነበረው። ላይብረሪው ሜተዱን ሲያጠፋ የእኔ ኮድ አልተሰበረም፤ የሚጠራው አጣና ዝም ብሎ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ጮኾ ቢወድቅ ኖሮ እንሰማው ነበር።

ከክሊኒኩ ተደውሎልኝ ስሄድ፣ ሮብ ገበያ ከምትባል ከተማ የመጡ አንድ ገበሬ ዓይኗ የታሰረ ልጃቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከገጹ ታትሞ የተሰጣቸው የቀጠሮ ወረቀት 9:00 ይላል፤ እሳቸውም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደርሰዋል። በወር አንዴ የሚመጣው ሐኪም ግን ጠዋት በሦስት ሰዓት ሥራ ጀምሮ፣ ጨርሶ ሄዷል።

«የኔ ልጅ፣ የተጻፈውን አንብቤ ነው የመጣሁት። ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፉም፣ አባቴ። ያጠፋነው እኛ ነን።»

ለአቶ ይበልጣል ስነግራቸው «ደውሎ አይጠይቅም ነበር? ገበሬ መቼ ማንበብ ያውቃል!» አሉ።

ደሜ ፈላ። «እሳቸውማ አንብበዋል! ያላነበቡት እርስዎ ነዎት። ከጫኑት በኋላ ገጹን ከፍተው አንዴ እንኳ አላዩትም!» አልኩ። ድምፄ ታች መደብሩ ድረስ ተሰምቷል። ይቅርታ ጠይቂ ተባልኩ፤ አልጠየቅሁም፣ ዛሬም አልጠይቅም።

የሰዓት መምረጫውን እንደገና ጻፍኩት። አዲሱ እትም ሜተድ መተካት ስለማይፈቅድ፣ ሰዓቱን ለላይብረሪው ከመስጠቴ በፊት ራሴ ቀየርኩት። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ሰዓት የሚያነብ መፈተሻም ጨመርኩ፤ 3:00 ማለት ሲገባው 9:00 ካለ አፕዴቱ አይጫንም።

በሚቀጥለው ወር፣ ሐኪሙ በሚመጣበት ቀን፣ ገጹን ለማየት በማለዳ ሄድኩ። እኚያው አባት ክሊኒኩ ሳይከፈት ልጃቸውን አቅፈው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

«ቀጠሮዎ እኮ ሦስት ሰዓት ነው፤ ወረቀቱ አሁን ትክክል ነው» አልኳቸው።

«ተይኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ። ወረቀታችሁን አንዴ አምኜው ነበር።»

ሐኪሙ ልጅቷን አያት። ዓይኗ ይድናል፤ መዘግየቱ ግን ጠባሳ እንደሚተውባት ነገራቸው።

አፕዴት ስትጭኑ ቀይ ጽሑፍ አለመውጣቱ ማረጋገጫ አይደለም። የተሰረዙትን ሜተዶች በኮዳችሁ ውስጥ አንድ በአንድ ፈልጉ። ከዚያ ገጹን ክፈቱና ሰው የሚያየውን ሰዓት አንብቡ።