ሞዴል የተባለው ቀበሌ ድልድይ

አቶ አዱኛ ለወረዳው ምክር ቤት ሲመረጡ አገሬው «በቃ፣ አለፈላቸው» ብሎ ነበር። ምን ያልፍላቸዋል! ለያንዳንዱ ጉባኤ አራት ሰዓት በእግር ወርዶ ሚኒባስ መጋፋት ነው የተረፋቸው።

በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓ፣ ሊማሩ ቤተ ልሔም ደብር ሄደው፣ አባታቸው ቢሞቱ ሳይጨርሱ ወደ እርሻው የተመለሱ ሰው ናቸው። ስለ በጀት ያላቸውም እምነት የገበሬ ነው፤ ክረምት የሚወስደውን አስቀድም፣ በጋ የሚጠብቀው ይደርሳል። ይህንኑ ስድስት ዓመት ተናገሩ። ስድስት ዓመት «ጥሩ አስተያየት ነው» እየተባለ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረላቸው።

ክረምት የሚወስደው ደግሞ ሰው ነው። ጤና ጣቢያውም ወፍጮውም ከወንዙ ማዶ ናቸው፤ አምና ነሐሴ የሐረገ ወይንን ባል፣ ታፈረን፣ እህል ሊያስፈጭ ሲሻገር ወሰደው። ከዚያ ወዲህ አቶ አዱኛ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የእግረኛ ድልድይ። ለአገሬውም «መንግሥት እጁ የሚፈታው የተዘጋጀ ሰው ሲያይ ነው፤ ድንጋዩን እናቅርብ» ብለው መከሩ። በጋውን ሙሉ ሴት ወንዱ ድንጋይ ተሸከመ። ከሁሉም አብልጣ የተሸከመችው ሐረገ ወይን ናት።

ግንቦት ላይ አቶ አዱኛ በጉባኤው ተነሥተው «የእኛ ድርሻ ተጠናቋል» ብለው ሪፖርት አቀረቡ። ተጨበጨበላቸው፤ ለቀበሌያቸውም «ሞዴል» የሚል ምስክር ወረቀት ተሰጠ። ያን ቀን የዳገቱን ድካም ረስተው ነው ቤታቸው የገቡት።

ሐምሌ በጀቱ ሲቀርብ ድልድዩ የለም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጡ። የአዳራሽ ወንበር አለ፣ የመኪና ነዳጅ አለ፣ የስብሰባ አበል አለ። የገንዘብ ኃላፊው፣ ክፉ ልጅ እንኳ አይደለም፣ በትሕትና መለሰላቸው።

«አባቴ፣ የእናንተማ በራሱ አቅም ጨርሷል ተብሎ ነው የተያዘው። ብሩ ገና ላልጀመሩት ሄደ።»

ብረቱና ሲሚንቶው እንደቀረ፣ ድንጋይ ብቻውን ሰው እንደማያሻግር ሊያስረዱ ሞከሩ። ወደፊት ይታያል ተባሉ። ከዚያ «የምትደግፉ» ተባለ። በዚያው ወረቀት ውስጥ የመምህራን ደመወዝም አለ፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማጽደቅ አይቻልም። አቶ አዱኛን ደከማቸው።

በማግስቱ ሰው ከድንጋዩ ክምር ዘንድ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። የገንዘብ ኃላፊው ያላቸውን ሳይሸሽጉ ነገሩት፤ ጥፋቱ የገዛ አፋቸው መሆኑንም ጨመሩ። ሐረገ ወይን ተናገረች።

«እንግዲያ ድንጋዩን ወደ ነበረበት እንመልሰው? ምንም አልሠራንም ብንል ይሰጡን ይሆን?»

የሳቀ ሰው አልነበረም። እሷም ቀና ብላ አየቻቸው።

«ሲጸድቅ እርስዎም እጅዎን አወጡ?»

«አወጣሁ» አሉ አቶ አዱኛ።

ሐረገ ወይን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።